ከልጄ ክፍል የሰማሁት የወንድ ድምፅ

ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ፎጣውን ስሰቅል ከልጄ ክፍል የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ የጎልማሳ ሰው ድምፅ ነው። «ውጪልኝ ከዚህ። አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» አለና ሳቀ፤ ሳቁም ወፍራም ነበር። ከሥሩ የልጄ ሹክሹክታ አብሮ ይሰማል፤ የምትለምነው መሰለኝ። ፎጣው ከእጄ አምልጦ እርጥቡ ወለል ላይ ወደቀ። አባቷ ለመንገድ ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት ወንድ አይገባም። ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ መተላለፊያ ናት፤ ወደ እሷ ክፍል የሚሄድ ሰው በእኔ አልጋ ግርጌ ሳያልፍ አይደርስም፣ እኔ ደግሞ ኮሽ ሲል የምነቃ ሰው ነኝ። በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት። ተቆልፏል። ጆሮዬን ስለጥፍ ያው ድምፅ እንደገና ተሳደበ፤ የምትሰደበው ሴት መሆኗን ከአነጋገሩ ለየሁ። ያን ጊዜ በመዳፌ በሩን መታሁት። ድምፁ በመቀስ እንደተቆረጠ ነገር ቀጥ አለ።

ልጄ ከፈተችልኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም። አልጋው አልተነጠፈም፣ ጠረጴዛው ላይ ትናንት የሰጠኋት ዳቦ ግማሹ ደርቆ ተቀምጧል፣ ለትምህርቷ ብለን ያገለገለ የገዛንላት ኮምፒውተር በርቶ ያጉረመርማል፤ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳዋለች። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ድመት እንኳ አያሾልክም። የቀረው ቦታ አልጋው ሥር ነው። ጎንበስ አልኩ።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ እማ?»

«ነጠላ ጫማዬን።»

«እግርሽ ላይ ነው።»

ቀና ስል ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ማን ነበር የሚያወራው ስላት ጌም ነው አለችኝ። ጌም ሰው ያባርራል ወይ ብላት «ሥራ ይረፍድብሻል» አለችኝና፣ ወደ መተላለፊያው ወጥታ የወደቀውን ፎጣ አንስታ ሰቀለችልኝ። ሳላዛት ፎጣ ያነሳችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ይሄ ራሱ አስጠረጠረኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነገሩን ሳገላብጥ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ከሌለ ሰውየው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ማለት ነው። በሩቅ ሆኖ ልጄን ውጪልኝ ይላታል፣ እሷም ቁጭ ብላ ትሰማዋለች፣ እናቷ ስትመጣ ደግሞ ትደብቀዋለች። ይሄ አልጋ ሥር ከሚገኝ ሰው ይብሳል፤ አልጋ ሥር ያለውን በመጥረጊያ ማስወጣት ይቻላል። ወንድ ባዋረዳት ቁጥር የምትለሰልስ ሴት አይቻለሁ፤ ፋብሪካው ውስጥ በእኛው ረድፍ አለች። ልጄ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከስታለች። ስጠራት ደጋግሜ ካልሆነ አትሰማም። ራት ላይ እሷ ሳህኗን እያየች ትበላለች፣ እኔም ሳህኔን እያየሁ እበላለሁ፤ በመካከላችን የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ኮሌጅ የምትማረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱን ሁሉ ጌም ላይ ናት። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ሴት ልጅ መንገድ ለመንገድ ከምትዞር ቤቷ ሆና ብትጫወት ምን ክፋት አለው ብዬ ለሥራ ጓደኛዬ አሞግሼላት፣ እሷም ለልጇ ያንኑ ጌም አስጭናላታለች። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ጆሮው ላይ ገመድ ሰክቶ ለብቻው ፈገግ ይላል። አንገቱ ወፍራም ነው። አንተ ትሆን? አልኩ በልቤ። ሊወርድ ሲል «አንዴ አሳልፉኝ» አለ፤ ድምፁ የሕፃን ልጅ ነው።

የምንሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። አዳራሹ ረጅም ነው፣ ማሽኖቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፣ መብራቱ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም፤ አየሩ የጨርቅ ብናኝና የካውያ እንፋሎት ይሸታል። እኔ እጅጌ እገጥማለሁ፣ ከግራዬ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ኮሌታ ትሰፋለች። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም ሳቂታ ነው የሚላት። ሥራውን ያስገባችኝ እሷ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ካፍቴሪያው ውስጥ ማንበብና መጻፍ ማስተማር ሲጀመርም፣ ለብቻዬ ከማፍር አብረን እንፈር ብላ እጄን ይዛ ያስቀመጠችኝ እሷው ናት። ዛሬ ግን ስደርስ ቀና አላለችም።

«ሽንኩርት ደግሞ ጨመረ አሉ» አልኳት፣ አፍ ለማስከፈት ያህል።

«ያልጨመረ ምን አለ? የእኛ ቁመት ብቻ ነው።» ቀልዱ አለ፣ ሳቁ ግን የለም።

ቆይታ ነው የነገረችኝ፣ ማሽኗን ሳታቆም፣ ዓይኗን ከኮሌታው ሳታነሳ። ልጇ፣ እኛ ትንሿ የምንላት፣ ራቷን ሳትበላ አደረች። በዚያ ጌም ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ። ራሱን ሻለቃው ብሎ ሰይሟል። ትንሿ ድምፅዋን ካሰማች ወዲያው ይጀምራታል፤ ሌሎቹም እሱን ተከትለው ይስቁባታል፣ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ጥፋቱ የእሷ ነው። በፊት ስትጫወት ሳቋ እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር። አሁን ማይኩን ዘግታ እንደ ዲዳ ትጫወታለች፤ ትታው እንዳትወጣ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ሁሉ እዚያው ናቸው። ዛሬ ማለዳ ረስታ አንድ ቃል ብትናገር ሰውየው አገኛት።

«ሻርፔን ሳስር በጆሮዬ ሰማሁት» አለችኝ ሳቂታ። «ድምፁ በርሜል ውስጥ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ‹ውጪልኝ ከዚህ፣ አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ› ይላታል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እኮ ናት፣ አንቺ። ሚስቱ መሰለችው እንዴ?»

እግሬ ከፔዳሉ ላይ ተነሳ። ቃል በቃል የሰማሁት ነው። አንዱ ሰውዬ የሁለታችንንም ልጆች ይዟል ማለት ነው አልኩ። የእኔንም እኮ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ከልጄ ክፍል የወንድ ድምፅ ሰማሁ ተብሎ በአንድ አዳራሽ ሴት መካከል አይወራም። ዋጥኩት።

«ደግሞ የት እንደሚሠራ አውቄያለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚሁ ነው።»

ያወቀችው በስድቡ ነው። ሻለቃው ትንሿን የሚጠራት «ያለ ክር ሰፊ» እያለ ነው። ይሄ የመንገድ ስድብ አይደለም፤ የእኛ የሰፊዎች ነው። የታችኛው ክር ሲያልቅ ማሽኑ አይናገርም። መርፌው ይወርዳል ይወጣል፣ ጨርቁ ይሄዳል፣ ሰፊዋ ሠራሁ ብላ ስታነሳው ግን ቀዳዳ እንጂ ስፌት የለም። አዲስ የገባችን ልጅ የምንቀልድባት በዚህ ነው። ከሁላችንም አብዝቶ የሚለው ደግሞ በየረድፉ እየዞረ ማሽን የሚጠግነው መካኒክ ነው። ሳቂታ ደምድማለች። ሃላፊያችን ነገ ከፈቃድ ትመለሳለች፤ ነገ ጠዋት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስሙን ልትሰጣት ነው። ሃላፊያችን በእንዲህ ያለ ነገር ሁለቴ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም፤ ሰውየው በዚያው ቀን ከበሩ ውጭ ነው።

ከዚያ በኋላ እኔም መካኒኩን ማየት ያዝኩ። ዘይት የጠጣ ሰማያዊ ልብሱን ለብሶ፣ መፍቻውን ኪሱ ሰክቶ ከማሽን ማሽን ይሄዳል፤ ከእያንዳንዷ ጋር ትንሽ ይቀልዳል። ትናንት ጨዋታ የመሰለኝ ሁሉ ዛሬ ሌላ መሰለኝ። ለምን ጎንበስ አለ? ለምን ስልኩን አየ? ድምፁ ቀጠን ያለ ነው፣ ግን ሰው በስልክ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ የለ? ወደ እኛ ሲደርስ ክር የማስገባ መስዬ ጠየቅኩት።

«አንተ፣ ጌም ትጫወታለህ እንዴ?»

«እኔ? የእኔ ስልክ በጥፊ ካልተመታ አይነሳም። ከሚስቴ ጋር ካርታ ስጫወት እንኳ ተሸንፌ ሳህን የማጥበው እኔ ነኝ።» ወደ ግራዬ ዞረ። «ሳቂታ፣ ምነው ዛሬ ዝም? ያለ ክር ሰፋሽ እንዴ?»

ሳቂታ ጀርባዋን ሰጠችው። እሱ ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን እኔን አየና የዘይት ጣሳውን ይዞ ሄደ። ማለዳ አዳራሹን የሚከፍተው እሱ ነው፤ እኛ በየቤታችን ሻርፕ ስናስር እሱ እዚህ ማሽን ዘይት ይቀባል፣ ከበር ጠባቂውም ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰማል። ይሄን ለሳቂታ ልነግራት አሰብኩና፣ ስልኩን ይዞ ነዋ እንደምትለኝ ስለማውቅ ተውኩት።

ምሳ ሰዓት አስተማሪያችን ስለ ውሃ ማጣራት አንድ አንቀጽ አስነበበችን። ሳቂታ በተራዋ ስታነብ ‹ማጣሪያ› የሚለው ላይ ተደናቅፋ አልሳቀችም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በራሷ ስቃ እኛንም ታስቀን ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ መስመሩ ጠፋኝ።

ወደ ማሽኔ ተመልሼ እጅጌውን አስይዤ ፔዳሉን ረገጥኩ። ማሽኑ ሄደ፣ ሐሳቤም ሄደ። መካኒኩ ካልሆነ ማነው? ደግሞስ በሩን ስመታው ድምፁ ቀጥ ያለው ለምንድን ነው? ሰውየው ሩቅ ከሆነ የእኔን በር መመታት ከየት ሰማው? የልጄ ሹክሹክታስ? የሚለምን ሰው ሌላው ሲጨርስ ነው የሚናገረው። የእሷ ሹክሹክታ ግን ከድምፁ ጋር ይጀምራል፣ ከድምፁ ጋር ያልቃል። ያ ስድብስ? ልጄ ሳህን ስታጥብ ስትዘገይብኝ ‹ያለ ክር ስትሰፊ ዋልሽ› የምላት እኔ አይደለሁም? ይህን ስድብ እቤታችን ያስገባው የእኔው አፍ ነው። ማሽኑን አቁሜ እጅጌውን ሳነሳው ከትከሻው ተላቆ ጭኔ ላይ ወደቀ። ዙሪያውን የቀዳዳ መስመር አለ፤ ስፌት የለም።

«አንቺም?» አለች ሳቂታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ምንም ሳይቀራት።

«ሳቂታ» አልኳት፣ «ነገ ለሃላፊዋ ስሙን እንዳትሰጪ። መጀመሪያ እኔን አናግሪኝ።»

ፈገግታው ቆመ። «ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም።»

ይህችን ሴት ዋሽቻት አላውቅም ነበር። ኮሌታዋን መልሳ ያዘች። ፊቴን ባላዞርም እስክንወጣ ድረስ ዓይኗ ግራ ጉንጬ ላይ ነበር። ጠዋት እኔ መካኒኩን ያየሁት እንደዚያ ነው።

ቤት ስደርስ ገና ፀሐይ ግድግዳው ላይ ነበረች። ልጄ ከኮሌጅ ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ። ስክሪኑን ከእኔ ለመደበቅ አልሞከረችም፤ ማንበብ መጀመሬን ረስታዋለች መሰለኝ። ጥግ ላይ ካለው ትንሽ ሥዕል አጠገብ ስም ተጽፏል። ሻ፣ ለ፣ ቃ፣ ው። እየቆጠርኩ አነበብኩትና ድምፄን ሳላሰማ ደገምኩት።

«ጠዋት ያልሽውን በይ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ያን ሰውዬ አምጪው።»

ከዚያ አንድ ነገር ተጫነችና ወደ ማይኩ ጠጋ ብላ፣ ከከንፈሯ በማያልፍ ሹክሹክታ «እማ» አለች። ከትንሿ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያ ጎልማሳ ሰውዬ «እማ» አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። ልጄን እያየሁ፣ የልጄ አፍ ሲከፈት እያየሁ፣ የማላውቀው ሰው እናቴ አለኝ።

ድምፁን የሚቀይረው አንድ አፕ ነው አለችኝ። የሌሎቹን በማዳመጫው ትሰማለች፤ የራሷን ግን በድምፅ ማጉያው ታስወጣዋለች፣ ተቀይሮ መውጣቱን በጆሮዋ ካልሰማች አታምነውም። አንዴ ጨዋታው መሐል አፑ ጠፍቶባት እውነተኛ ድምፅዋ አምልጧት ነበር፤ እንደ ሳል አስመስላ ነው የዳነችው። ከማን ነው የዳንሽው ስላት ነው የቀረውን የነገረችኝ። መጀመሪያ በራሷ ድምፅ ነበር የምትጫወተው። ገና «ሰላም» ስትል አንዱ ወጥ ቤት ጠፋሽ ወይ ይላታል፣ ሌላው ፎቶ ላኪ ይላታል። እምቢ ስትል የራሷ ቡድን ለጠላት ትቷት ይሄዳል፤ ሲሸነፉ ደግሞ ሴትዮዋ ናት ይላሉ። ተሳዳቢ የሚከሰስበት ቁልፍ አለ፣ ተጭናዋለች፤ ሰውየው በማግስቱ በሌላ ስም ተመልሶ መጣ። ከእነሱ አንዱ የምትማርበትን ኮሌጅ ከየት እንዳገኘው አይታወቅም፣ በሩ ላይ ጠብቆ የሚያደርጋትን ጻፈላት።

«ሆዴን አመመኝ ብዬሽ ሳምንቱን ሙሉ ያልሄድኩት ያኔ ነው» አለች።

ያን ሳምንት አስታውሰዋለሁ። አጥሚት እየሠራሁ ሰነፍሽ ብዬ ተቆጥቻት ነበር።

«እሺ፣ ይሄን ድምፅ አገኘሽ። ከተረፍሽ ወዲያ ዝም ብለሽ አትጫወቺም ነበር?»

«ዝም የሚል ሰው ይጠረጠራል፣ እማ። ሴት ስትገባ ሁሉም ይሳደባል። አንድ ቀን እኔ ዝም ስል ‹ሻለቃው፣ ምነው ራራህላት?› አለኝ አንዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይቀድመኝ እኔ እጀምራለሁ። አለቃ ነው የሚሉኝ አሁን። ያ የኮሌጁ ሰውዬ ራሱ ወንድሜ ይለኛል።»

«ያቺ ያለ ክር ሰፊ የምትያት፣ የምትስቀዋ ልጅስ? እሷ ምን አድርጋሽ ነው?»

ጥፍሯን መላጥ ጀመረች። ከውጭ ጎረቤት ባልዲ ሲደፋ ተሰማ። «በራሷ ድምፅ ትስቅ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሲሰድቧት እንኳ ትስቃለች። እኔ አፌን ሸፍኜ ነው የምጫወተው፣ እሷ ትስቃለች። ያናድደኝ ነበር። ዝም ስትል እፎይ አልኩ። ከዚያ ግን መተው አቃተኝ። ፊት እኮ የለም፣ እማ። ልጅ ትሁን ትልቅ፣ ታልቅስ አታልቅስ አላይም። ስም ብቻ ነው የማየው።»

«እኔ ግን አያታለሁ» አልኳት። «የሳቂታ ልጅ ናት።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እትዬ ሳቂታ? ቦርሳዬን የሰፋችልኝ?» ቦርሳው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ሁለታችንም አየነው። ስለ መካኒኩ ነገርኳት፣ ነገ ጠዋት በእሷ ስድብ ማን ከእንጀራው እንደሚነሳ። አልተከራከረችም። ትንሿ አሁን እዚያ ትኖር እንደሆነ ስጠይቃት በጣቷ አሳየችኝ፤ ከአንድ ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ በርቷል፣ ማይኩ ላይ ግን ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ትሰማለች፣ አትናገርም።

«ለብቻዋ ጥሪያት» አልኩ። «በራስሽ ድምፅ።»

አፑን ዘጋችው። ማዳመጫውን ነቅላ ሁሉም ነገር በድምፅ ማጉያው እንዲሰማ አደረገች። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ተወችው፣ እንደገና ጠረገች። «ሰላም» አለች፤ እንዲህ ቀጭን መሆኑን ራሷም የረሳችው መሰለኝ። «ሻለቃው እኔ ነኝ። ሴት ነኝ። ያንን ሁሉ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።» ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ልጄ ልታነብልኝ ስትል ከለከልኳት፤ ቀስ ብዬ ራሴ አነበብኩት። ‹ድምፅ ቀይረህ ነው። አውቄሃለሁ። ተወኝ።›

ልጄ ማለችላት። ስሟን ነገረቻት፣ ኮሌጇን ነገረቻት፣ በመጨረሻም ድምፅዋ ተሰብሮ አለቀሰች። ሌላ ጽሑፍ መጣ። ‹ማልቀስም ትችላለህ?›

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ጥያት ስመለስ የነበረውን ፊት ነው የሚመስለው። ምንም ብትናገር አትታመንም፤ የራሷ ድምፅ አሁን የውሸት ድምፅ ሆኗል። እኔን ግን ልጅቷ ታውቀኛለች። ብናገር ትንሿ ታውቀኛለች፣ ትንሿ ካወቀችኝ እናቷ ታውቃለች፣ ከነገ ጀምሮ ከግራዬ ማን እንደሚቀመጥ አላውቅም። ዝም ብል ደግሞ ነገ መካኒኩ መፍቻውን አስረክቦ ይወጣል፣ ትንሿም ዲዳ ሆና ትቀራለች። ወንበሩን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«ትንሿ» አልኩ፣ ማይኩ የት ጋ እንደሆነ ስላላወቅኩ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብዬ። «እኔ እትዬ ነኝ። ከእናትሽ አጠገብ እጅጌ የምሰፋው። ያን ቀን ዝናብ ይዞሽ ፋብሪካው በር ላይ ስትንቀጠቀጪ ሹራቤን ያለበስኩሽ። ልጄ ናት የሰደበችሽ። እውነቷን ነው።»

ማይኩ ላይ ያለው ቀይ መስመር ጠፋና የሌላ ቤት ድምፅ ክፍላችን ውስጥ ገባ፤ ውሃ ይፈሳል፣ ሳህን ከሳህን ይጋጫል።

«እትዬ?» አለች። ብዙ ቀን ያልተነገረበት ድምፅ ነው፣ ሻካራ። «የእርስዎ ልጅ ናት? ሴት ናት በእውነት?»

«ሴት ናት፣ የኔ ልጅ።»

ውሃው ቆመ። ከሩቅ፣ ከወጥ ቤት ይመስለኛል፣ ሳቂታ ተጣራች። «ማይኩን ከፈትሽው እንዴ? ስታወሪ ሰማሁሽ ልበል?» ድምፅዋ ውስጥ ጠዋት የጠፋው ነገር ነበር፤ ልጇ መናገሯን ሰምታ ደስ ብሏታል። «ከማን ጋር ነሽ?»

የሳቂታ እርምጃ ወደ ማይኩ እየቀረበ መጣ። ልጄ ጥሪውን ልታቋርጥ እጇን ሰደደች፤ ያዝኩት።

«ሳቂታ» አልኩ፣ «ቁጭ በይና ስሚኝ።»